ለክቡራን ብቻ የተያዘው ታንኳ

ስብሰባ ላይ ሰዎች "እርስዎ ይጀምሩ"፣ "ኧረ እርስዎ እያሉ!" ሲባባሉ ጉዳዩ ሳይነሣ ከመሸ፣ ከሐይቁ ዳር የመጣ ሰው ስለ ታንኳ አንድ ነገር ጣል አድርጎ ይስቃል። ዝም ብሎ አይደለም የሚስቀው፤ ከነገሩ በስተጀርባ ደርበው የሚባል ገበሬ አለ።

ደርበው ለልጁ ሚስት ሊያጭለት ያሰበው ከደሴቲቱ ነበር። የልጅቱ አባት አቶ እንዳላማው፣ "ቅዳሜ ሽማግሌ ላክ፤ ጀንበር እስክታዘቀዝቅ ካልመጡ ግን ቃሌን ለሌላ ጠያቂ እሰጣለሁ" ብለውታል። ደርበውን ያስጨነቀው ታዲያ ታንኳው ነው። ያ ትልቅ የእንጨት ታንኳ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያተኛውን፣ ፍየሉንና በርበሬውን አንድ ላይ አጭቆ ነው የሚሻገረው። "ሽማግሌ የሚሆኑልኝን ግራዝማች ውብነህን ከፍየል ጋር ላሳፍር?" እያለ ሲብሰለሰል ሰነበተና ጊደሩን ሸጦ ታንኳውን እንዳለ ለሽማግሌዎቹ ብቻ ተከራየው።

በጠዋት ሽማግሌዎቹ ነጭ በነጭ ለብሰው ዳር ላይ ቆሙ።

"ይግቡ መሪጌታ።"

"ግራዝማች እያሉ? አይደረግም!"

"ኧረ በሥላሴ!"

"ጌቶች፣ ነፋሱ ሳይነሣ አንዳችሁ ግቡ" አለ ባለታንኳው ቢያድግልኝ።

ግራዝማች ውብነህ እግራቸውን አነሡና መልሰው አሳረፉት። "ራስጌው በየት በኩል ነው?"

"ግድ ካሉ፣ ወደሚሄድበት በኩል ነው።"

"ስንመለስስ?"

"ያኔማ ግርጌው ራስጌ ይሆናል።"

"ሄጄ ራስጌ፣ ተመልሼ ግርጌ? እኔ ውብነህ?"

ሲመለሱ ሁሉም ዞሮ ቦታ እንደሚለዋወጥ ደርበው ምሎ ተገዝቶ አስገባቸው። መሪጌታ ልሳነወርቅ ተከተሉ። ግራዝማች ብድግ አሉ።

"ኖር!"

"በእግዜር! እንዳይነሡብኝ!"

"መሪጌታ ቆመው እኔ ልቀመጥ?"

ታንኳው ዘመም አለ፤ መሪጌታ ደንግጠው ወረዱ። ግራዝማችም ብቻቸውን መቅረቱ ነውር መስሏቸው ወረዱ። እንደገና ተጀመረ። ሦስተኛው ሽማግሌ ሲገቡ ሁለቱ ተነሡላቸው፤ አራተኛው ሲገቡ ሦስቱ።

"ታንኳ ላይ አይነሣም! ቁጭ በሉ!" ብሎ ጮኸ ቢያድግልኝ።

"ማንን ነው ቁጭ በሉ የምትል?" አሉ መሪጌታ፤ ለቁጣውም ተነሡ።

ከኋላቸው የተሳፈረው ደርበው ጀንበሯን አየ። እሱም "ቁጭ በሉ!" ሊል አፉን ከፍቶ ነበር። ነገር ግን በልመና ያመጣቸውን ሰዎች በምን አፉ? ዋጠውና እሱም አብሮ ተነሣ።

ማዶ ያሉት ነጭ ለባሽ ሲነሣ ሲቀመጥ፣ ሲነሣ ሲቀመጥ እያዩ፣ "ስግደት ላይ ናቸው" ብለው በአክብሮት ጠበቁ። የሕማማት ስግደት እንኳ በሚያበቃበት ሰዓት አቶ እንዳላማው ሥጋት ገባቸውና በደንገል ታንኳቸው ብቻቸውን ቀዝፈው መጡ።

እግዜር ሲለው፣ ያኔ ሁሉም ገብተው ተቀምጠዋል። ቢያድግልኝ ዳር ካለው ግንድ ጋር የታሰረውን ገመድ ሊፈታ አጎንብሷል። ደርበው ገና እፎይ ሊል ሲል፣ የአቶ እንዳላማው ደንገል ከጎናቸው ደረሰች።

"ኖር!" አሉ ሁሉም፣ ባንድ አፍ፣ ባንድ ጊዜ፣ ባንድ በኩል።

ታንኳው ተገለበጠ።

ውኃው ከወገብ አያልፍምና የሰመጠ ሰው የለም። የወጣም የለም።

"ይውጡ እንጂ ግራዝማች!"

"መሪጌታን ውኃ ውስጥ ትቼ?"

አቶ እንዳላማው መቅዘፊያቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ብዙ ተመለከቱ።

"ደርበው ወንድሜ፣ ክብራችሁን አይቻለሁ። ልጄ ግን እናንተ ቤት ብትመጣ፣ ግቢ ስትባል፣ እናንተ ግቡ ስትል፣ ደጃፍ ላይ ታረጅብኛለች" አሉና ደንገላቸውን አዙረው ሄዱ።

ደርበው ጋቢው ውኃ እያዘነበ መሪጌታን እጃቸውን ይዞ ለመነ። "መሪጌታ፣ የልጄ ነገር አበቃ እኮ! አቶ እንዳላማው ሳይርቁ አንድ ቃል ይበሉ እንጂ!"

መሪጌታ፣ ቤት የሚመታ ነገር ካገኙ ቀብር ላይም ቢሆን የማያልፉ ሰው ናቸውና፣ ጥምጥማቸውን ጨመቁ፣ አሁንም ከግንዱ ጋር እንደታሰረ ያለውን ገመድ አዩና እንዲህ አሉ፦ "ሁሉ የከበረበት ታንኳ፣ ከዳር አይርቅም እንኳ።"