እግሯን ልትነክር የወጣችው የውብዳር

ተረት አለኝ፤ ጆሯችሁን ወደዚህ አቅርቡ። ረዘመብን ብላችሁ አትሽሹ፤ የሚረዝመው እኔ እየደጋገምኩ ስለምነግራችሁ ነው።

የውብዳር የምትባል ሴት ነበረች። ፀጉሯ የሸበተ፣ ጉልበቷ የሚያማት፣ ምላሷ ግን ገና ያላረጀ። ቤቷ ከወንዙ በላይ ነው። ልጅ ሳለች ወንዙ ውስጥ አንድ ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበረ፤ እሱ ላይ ተቀምጣ ልብስ ታጥባለች። ሽብሩ የሚባል ጎረምሳ ደግሞ ማዶ ቆሞ ጠጠር እየወረወረ ውሃ ይረጫታል። ትሰድበዋለች፣ ይስቃል። ኋላ ባሏ ሆነ።

ከዚያ ቆዳ ፋብሪካ መጣ። ወንዙ ጠቆረ፣ ሸተተ፤ ድንጋዩም ከፋብሪካው አጥር ውስጥ ቀረ። ሽብሩ እዚያው ተቀጠረና ቆዳው ከሚዘፈዘፍበት የኖራ ጉድጓድ ውስጥ ቆሞ ይውል ጀመር። ማታ እግሩ ተላልጦ ይመጣል። የውብዳር እያጠበች ስታለቅስ፣ «ተይ እንጂ፤ ይሄ ፋብሪካ የተዘጋ ቀን፣ ውሃው ሲጠራ፣ እዚያ ድንጋያችን ላይ ጎን ለጎን ቁጭ ብለን እግራችንን እንነክራለን» ይላት ነበር። ፋብሪካው ሳይዘጋ ሽብሩ ሞተ።

ዘመን ይሄዳል አይደል? ፋብሪካውም ተዘጋ፤ ፈረሰ። የተመረዘው አፈር በመኪና ተጭኖ ወጣ፣ ንጹሕ አፈር ገባ፤ ዛፍ ተተከለ፣ አግዳሚ ወንበር ተደረደረ፣ በሩ ላይ «የሕዝብ መናፈሻ» ተብሎ ተጻፈ። ውሃው ቀስ እያለ ጠራ። አንድ ቀን ጠዋት የውብዳር ከደጇ ቆማ ቁልቁል ብታይ ያ ድንጋይ ብቅ ብሏል። ከዚያ ወዲያ ሌላ ምኞት አልነበራትም፦ እዚያ ቁጭ ብላ እግሯን መንከር ብቻ። አንድ የረሳችው ነገር ግን ነበር፤ እሱን ስንደርስበት እነግራችኋለሁ።

ነጠላዋን አጣፍታ ወረደች። በሩ ተዘግቷል። በሩ ላይ ማንደፍሮ አለ፤ ድሮ የፋብሪካው ዘበኛ፣ ዛሬ የመናፈሻው ዘበኛ፣ ያው ቁልፍ ያው ሰው።

«ማንደፍሮ፣ ክፈትልኝ። እግሬን ነክሬ እመለሳለሁ።»

«እትዬ፣ እንዴት ብዬ? ሳሩ ገና ሥር አልያዘም። አትክልተኛዋ ነፍስ ያለው ነገር እንዳይረግጠው ብላኛለች።»

«እኔ ዝሆን ነኝ?»

«ኧረ እትዬ! እርስዎን ባስገባ ሰፈሩ ሁሉ ተከትሎዎት ይገባል።»

ከማንደፍሮ ጋር መከራከር ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው። ድንጋዩ ያው፣ ወንዙ ያው፤ ማንደፍሮ በሩን አይከፍትም፣ ሳሩ ሥር ካልያዘ። የውብዳር በአጥሩ ዙሪያ ሄዳ ፋናዬን ፈለገች።

ፋናዬ አትክልተኛዋ ናት፤ ወጣት፣ ባርኔጣዋ ከፊቷ የሰፋ። የገረጣው ሳር መሃል ተንበርክካለች።

«ልጄ፣ ሳርሽ ምን ሆኖ ነው ሥር የማይዘው?»

«ተጠምቶ ነዋ፣ እትዬ። በባልዲ እያመላለስኩ ወገቤ ተቆረጠ። ፓምፑ ውሃ ይስጠኝና በሳምንቱ ምንጣፍ አደርግልዎታለሁ። ደግሞ አይቸኩሉ፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«እንቁላሉ እስኪሄድ እኔ እሄዳለሁ» አለች የውብዳር። ፋናዬ ሳቀች፤ የውብዳር ግን አልሳቀችም። እና እንግዲህ ማንደፍሮ በሩን አይከፍትም፣ ሳሩ ሥር ካልያዘ፤ ሳሩ ሥር አይዝም፣ ውሃ ካልጠጣ። ወደ ፓምፑ ሄደች።

የፓምፑ ኃላፊ ብርቅነህ ከአጥሩ ውጭ ፓምፑን ሸራ አልብሶ፣ እሱ ራሱ ጥላው ሥር ጋደም ብሏል። ሲያያት ተነሳ።

«አንተ፣ ምነው ሳሩን በጥም ፈጀኸው?»

«እኔ ምን ላድርግ እትዬ? ፓምፑ ደህና ነው። መቀመጫ የለውም። ወንዙ ዳር የድንጋይ መቀመጫ ሳይሠራለት ባስነሳው እየተንቀጠቀጠ ውሃ ውስጥ ይገባል። ግንበኛው ኑሪ ይጨርስልኝ፣ ያን ጊዜ ይዩኝ።»

ጉልበቷን አሸት አሸት አደረገች። ማንደፍሮ በሩን አይከፍትም፣ ሳሩ ሥር ካልያዘ፤ ሳሩ ሥር አይዝም፣ ውሃ ካልጠጣ፤ ውሃው አይወጣም፣ ፓምፑ ካልተነሳ፤ ፓምፑ አይነሳም፣ መቀመጫው ካልተገነባ። ዞር ብላ በአጥሩ ሽቦ መሃል ድንጋዩን አየችው። ፀሐይ ወጥቶበት ደርቋል። ሽብሩ ቢያየው ኖሮ ዛሬ ምን ይል ነበር ብላ አሰበች።

ኑሪን ያገኘችው አሸዋ ክምር ላይ ነው። መዶሻው እግሩ ሥር፣ ጥርብ ድንጋዩ ተደርድሮ፣ እሱ እጁን አጣጥፎ።

«ኑሪ፣ ሥራ ጠልተህ አታውቅም። ምን ነካህ?»

«እትዬ፣ ሁለት ጊዜ ገነባሁ፣ ሁለት ጊዜ ተናደ። አባቴ ግንበኛ፣ አያቴ ግንበኛ፤ የኔ ግንብ ተንዶ አያውቅም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ የሰፈሩ ሽማግሌ ሳይመርቀው ነው መሠረት የጣልኩት። አባባ ሆርዶፋን ለመንኳቸው። መጡ፣ ውሃውን አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁና ምንም ሳይሉ ተመለሱ። ያልተመረቀ መሠረት ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ አልነካም።»

ወይ ጣጣ! በሉ አብራችሁኝ በሉ፦ ማንደፍሮ በሩን አይከፍትም፣ ሳሩ ሥር ካልያዘ፤ ሳሩ ሥር አይዝም፣ ውሃ ካልጠጣ፤ ውሃው አይወጣም፣ ፓምፑ ካልተነሳ፤ ፓምፑ አይነሳም፣ መቀመጫው ካልተገነባ፤ ኑሪ አይገነባም፣ አባባ ሆርዶፋ ካልመረቁ። የውብዳር ወደ አባባ ሆርዶፋ ቤት የሚወስደውን ዳገት እያረፈች ወጣችው።

አባባ ሆርዶፋ ከሰፈሩ ሰው ሁሉ ያነሰ የሚናገሩ፣ ከሰፈሩ ሰው ሁሉ የበለጠ የሚያስታውሱ ሽማግሌ ናቸው። ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ስትመጣ አዩዋት።

«አባባ፣ ምነው መሠረቱን ሳይመርቁ ቀሩ? እርስዎ ካልመረቁ ኑሪ አይገነባም፤ ኑሪ ካልገነባ ፓምፑ አይነሳም፤ ፓምፑ ካልተነሳ ውሃ አይወጣም፤ ውሃ ካልወጣ ሳሩ አይዝም፤ ሳሩ ካልያዘ ያ ማንደፍሮ አይከፍትልኝም። እኔ እግሬን ልነክር ነው የፈለግሁት፣ አባባ። ሌላ ምን ጠየቅሁ?»

አባባ ሆርዶፋ፣ «መምጣትሽን ስጠብቅ ነበር» አሉ። «ያ ውሃ ታስሯል፣ የውብዳር። ቃል አለበት። ቃል ያለበትን ውሃ እኔ በምን አፌ ልመርቅ?»

«የማን ቃል?»

«ሽብሩን ቀብረን የተመለስን ዕለት ወንዙ ዳር ወርደሽ ምን አልሽ? አጠገብሽ የቆምኩት እኔ ነበርኩ።»

ይኸውላችሁ የረሳችው። ያን ዕለት ነጠላዋን አገልድማ፣ ጥቁሩ ውሃ ዳር ቆማ፣ «ይህን ውሃ እግሬ አይንካው! የነካውም ሁሉ አይባረክ!» ብላ ጮኻ ነበር። አሁን ትዝ ሲላት የአባባ ሆርዶፋ ደጃፍ ላይ ቁጭ አለች።

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፣ አባባ። እኔው ነኝ ለካ።»

«አንቺው ነሽ። ግን ወንዙ ምን በደለሽ? ሽብሩ ጠዋት ይገባል፣ ማታ ይወጣል። ወንዙ ቀንም ሌትም እዚያው ነበር። ኖራውን አብሮት የጠጣ እሱ ነው።»

የውብዳር አለቀሰች። ለወንዙ አልቅሳ አታውቅም ነበር።

«ይቅር ብዬው ቂሜን ከለቀቅሁ፣ አባባ፣ ከሽብሩ ምን ይቀረኛል?»

«ድንጋዩ» አሉ አባባ ሆርዶፋ፤ ከዘራቸውንም አንስተው ቆሙ።

ሁለቱም ተያይዘው ወረዱ፤ እሳቸው በከዘራ፣ እሷ በእሳቸው ክንድ። አጥሩ ጋ ሲደርሱ የውብዳር ፊቷን ሽቦው ላይ አስጠጋች። ማንደፍሮም፣ ፋናዬም፣ ብርቅነህም፣ ኑሪም ምን ሊሆን ነው ብለው ተሰበሰቡ።

«አንተ ወንዝ» አለች። «ያልኩህን ብዬሃለሁ። ስለተቃጠልኩ ነው ያልኩት። አሁን አንስቻለሁ። የነካህ ሁሉ ይባረክ። ይቅር ለእግዜር።»

ውሃው ምን ሊመልስ? ፈሰሰ እንጂ። አባባ ሆርዶፋ እርጥብ ሳር ነጭተው በአጥሩ ላይ አሻግረው ወረወሩና፣ «ውሃው ይፍሰስ፣ ሳሩ ይለምልም፣ የተገነባው ይጽና፣ የመጣ በሰላም ይመለስ» አሉ። ሁሉም አሜን አለ።

ከዚህ በኋላማ ማን ያቆመዋል? ቃሉ ተነሳ፣ አባባ ሆርዶፋ መረቁ፤ አባባ መረቁ፣ ኑሪ ገነባ፤ ኑሪ ገነባ፣ ፓምፑ ተነሳ፤ ፓምፑ ተነሳ፣ ውሃው ወጣ፤ ውሃው ወጣ፣ ሳሩ ጠጣ፤ ሳሩ ጠጣ፣ ሥር ያዘ። ፋናዬም «እሺ» አለች፤ ማንደፍሮም ያንን የፋብሪካ ቁልፍ አውጥቶ በሩን ከፈተ።

የውብዳር ጫማዋን በእጇ ይዛ ገባች። ማንደፍሮ ክንዷን ደግፎ እስከ ድንጋዩ አደረሳት። ተቀመጠች። እግሯን ነከረች። ቀዝቃዛ ነው። ልክ እንደ ልጅነቷ ቀዝቃዛ ነው፤ ትንሽ ጮኸች፣ ከዚያ ሳቀች።

ማንደፍሮ ቆሞ ቆሞ ደከመው። ድንጋዩን አየው፤ ሰፊ ነው፣ እሷ ዳሩን ይዛ ግማሹን ባዶ ትታዋለች።

«እትዬ፣ እዚህ ጋ ልቀመጥ?»

የውብዳር ከጎኗ ያለውን የድንጋዩን ክፍት ቦታ በመዳፏ ዳበስ አደረገችው።

«ሰው አለው» አለችው።

ማንደፍሮ «እሺ» አለና በዚያ ማንም እንዳይረግጠው ሲጠብቀው በኖረው ሳር ላይ ቁጭ አለ።

ተረቴም ከእነሱ ጋር እዚያው ወንዝ ዳር ተቀመጠች፤ የደከማችሁ ሂዱና አብራችኋት ተቀመጡ።