አልከፈት ያለው የባቡር በር

ላውጋችሁ። ጆሮ አላችሁ? «አለን» በሉኝ። ጆሮ ያለው ይስማ፤ የሚፈራ ካለ ወደ መሃል ይጠጋ።

ውድነሽ የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች። ቤቷ ከከተማው ዳር፣ አዲሶቹ ኮንዶሚኒየሞች ካሉበት ነው። ቤዛ የምትባል አንዲት ልጅ አለቻት። ቤዛ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ መሃል ከተማ ሆስፒታል ገብታለች፤ ባሏ ደግሞ ለሥራ ክፍለ ሀገር ሄዷል። «እማዬ፣ ብቻዬን ነኝ፤ ቶሎ ድረሺልኝ» ብላ ደወለች። ውድነሽ መቀሱን ጨርቁ ላይ ጥላ፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች።

ወሩ ሐምሌ ነው፤ ጊዜው ከምሳ በኋላ። ጉሙ ግን ከጠዋት ጀምሮ ከተማው ላይ እንደተኛ ነው። ውድነሽ አውቶቡስ ተሳፈረች፤ አውቶቡሱ አደረሳት። ሚኒባስ ተሳፈረች፤ «ወራጅ አለ!» ስትል ረዳቱ ከፈተላት። ከዚያ ባቡር ተሳፈረች። ጉዱ የመጣው እዚያ ላይ ነው።

ባቡሩ በድልድይ ወንዙን ተሻገረ። ከወንዙ ማዶ የሆስፒታሉ ጣቢያ ነው። ውድነሽ ተነሥታ በሩ ጋ ቆመች። ጣቢያው መጣ፤ መብራቱ ታየ፤ አለፈ። በሩ አልተከፈተም። ከዚያ በኋላ መምጣት የነበረበት ሌላ ጣቢያ ነበር። የመጣው ግን ያው ድልድይ ነው። ከሥሩ ያው ወንዝ፣ ከወንዙ ማዶ ያው ጣቢያ። ባቡሩ አልዞረም፣ ወደ ኋላም አልሄደ። ዝም ብሎ ወደ ፊት ይሄዳል፤ የሚደርሰው ግን ያው ቦታ ነው።

ውድነሽ ተሳፋሪዎቹን ዞራ አየች። ሁሉም ወደ ቀኝ መስኮት ዞረው ተቀምጠዋል። የሚያወራ የለም፤ የሚያስል የለም፤ ስልኩን የሚነካ የለም።

«ወራጅ አለ!» ብላ ጮኸች። አንድም ሰው ቀና አላለም።

በሩን በመዳፏ መታችው። «በር ሆይ፣ ክፈትልኝ እንጂ! ልጄ ምጥ ላይ ናት።»

የበሩ ሁለት የጎማ ጠርዞች እንደ ከንፈር ተላቀቁና ቀስ ብለው አወሩ። «ባቡሩ ካልቆመ አልከፈትም።»

ውድነሽ እጇን ሰብሰብ አደረገች። ክው ብላ ቀረች። ግን ፈርቶ መቀመጥ ልጇን አያዋልድላትም። ጣራው ላይ ወዳለው ድምፅ ማጉያ ቀና አለች።

«ባቡር ሆይ፣ ቁምልኝ! አንተ ካልቆምክ በሩ አልከፈት አለ።»

የጣቢያ ስም የምትጠራው የሴትዮዋ ድምፅ መጣ። ስም ግን አልጠራችም። «ሽቦው ካልለቀቀኝ አልቆምም» አለ ባቡሩ በእሷ ድምፅ።

ጣቢያው አለፈ። ድልድዩ መጣ። ውድነሽ በመስታወቱ አንገቷን አቅንታ ከላይ የተዘረጋውን ሽቦ አየችው። ሰማያዊ ብልጭታ እየረጨ ያፏጫል።

«ሽቦ ሆይ፣ ልቀቀው! አንተ ባቡሩን አልለቅ አልክ፣ ባቡሩ አልቆም አለ፣ በሩ አልከፈት አለ።»

«ጉሙ ጣቢያውን ካላሳየኝ አልለቅም» ብሎ ሽቦው አፏጨ።

ይሄኔ ስልኳ ጮኸ። ቤዛ ናት።

«እማዬ፣ የት ደረስሽ?»

«ደርሻለሁ የኔ ልጅ፣ እዚሁ በርሽ ላይ ነኝ።»

«የሕፃኑ ልብ ደክሟል አሉኝ። ኦፕራሲዮን ሊያስገቡኝ ነው። ሳላይሽ አልገባም ብያቸዋለሁ።»

«እንዴ ቤዛ! ግቢ እንጂ! ሐኪም እምቢ ይባላል?»

«አልገባም! ሳላይሽ ብሞትስ?» ስልኩ ተቋረጠ።

እንግዲህ ቤዛም አልገባ አለች። ጉሙ መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ነጭ ፊቱን ወደ ውስጥ ያስገባ ይመስላል። ውድነሽም ፊቷን አስጠጋችለት።

«ጉም ሆይ፣ ሂድልኝ! አንተ አልሄድ አልክ፣ ሽቦው አልለቅ አለ፣ ባቡሩ አልቆም አለ፣ በሩ አልከፈት አለ፣ ልጄም አልገባ አለች።»

በመስታወቱ ላይ የማንም ያልሆነ ትንፋሽ አረፈ። ከውጭ በኩል ነው ያረፈው። «የወጣሁት ከወንዙ ነው። ወንዙ ካልመለሰኝ አልሄድም» አለ ጉሙ።

ድልድዩ መጣ። ውድነሽ ቁልቁል ጮኸች። መስኮቱ የማይከፈት ነው፤ ቢሆንም ወንዙ ሰማት።

«ወንዝ ሆይ፣ መልሰው! አንተ ጉሙን አልመልስ አልክ፣ ጉሙ አልሄድ አለ፣ ሽቦው አልለቅ አለ፣ ባቡሩ አልቆም አለ፣ በሩ አልከፈት አለ፣ ልጄም አልገባ አለች።»

ወንዙ ከሥር አጉረመረመ። የባቡሩ ወለል በእግሯ ሥር ተንቀጠቀጠ። «አውቶቡሱ ደረቴ ላይ ተኝቷል። እሱ ካልተነሣልኝ ትንፋሽ የለኝም፤ አልመልስም።»

እውነትም ከድልድዩ ሥር አንድ አሮጌ አውቶቡስ ወንዙን ዘግቶ ተጋድሟል። ጎማ የለውም። ቀለሙ ረግፏል። በሮቹ ወልቀው ውሃው በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል። የፊት መብራቶቹ ግን በርተው ነበር።

«አውቶቡስ ሆይ፣ ተነሥ! አንተ አልነሣ አልክ፣ ወንዙ አልመልስ አለ፣ ጉሙ አልሄድ አለ፣ ሽቦው አልለቅ አለ፣ ባቡሩ አልቆም አለ፣ በሩ አልከፈት አለ፣ ልጄም አልገባ አለች።»

የአውቶቡሱ ጥሩምባ ከውሃ ውስጥ እንደ ታፈነ ሰው ጮኸ። «የመጨረሻ ተሳፋሪዬ ገና ቆሟል። እሱ ካልተሳፈረ አልነሣም።»

«የታለ?»

«በግራ በኩል እዪ። እዚህ ባቡር ውስጥ በግራ በኩል የሚያይ ሰው የለም።»

ውድነሽ በግራ በኩል አየች። ከወንዙ ዳር፣ አውቶቡስ መሄድ ካቆመበት መንገድ ላይ፣ የዛገ የፌርማታ ቆርቆሮ ተተክሏል። ከቆርቆሮው ሥር አንድ ሽማግሌ ቆሟል። ኮቱ በስብሷል፤ ከባርኔጣው ጫፍ ውሃ ይንጠባጠባል። ዝናብ ግን አልነበረም። እግሩ ሥር ያለው ጭቃ አልተረገጠም።

«ጋሼ» አለችው ውድነሽ፤ «እባክዎ ይሳፈሩ። እርስዎ አልሳፈር አሉ፣ አውቶቡሱ አልነሣ አለ፣ ወንዙ አልመልስ አለ፣ ጉሙ አልሄድ አለ፣ ሽቦው አልለቅ አለ፣ ባቡሩ አልቆም አለ፣ በሩ አልከፈት አለ፣ ልጄም አልገባ አለች።»

«እኔስ መሄዱን ጠልቼው መሰለሽ ልጄ? በርዶኛል» አለ ሽማግሌው፣ ከርቀት ቆሞ ከጆሮዋ ሥር በሚመጣ ድምፅ። «እህቴን እየጠበቅኩ ነው። ከሥራ ስትመለስ ሁልጊዜ የምቀበላት እዚህ ነበር። ሳታየኝና ሳትሸኘኝ አልሳፈርም። እሷ ደግሞ በየቀኑ በዚህ ታልፋለች፤ አታየኝም።»

«የታለች?»

«ከኋላሽ።»

ውድነሽ ዞረች። ከኋላ ባለው የግራ መስኮት ሥር፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ የለበሰች ጥቁር ቀሚስ ያላት ሴትዮ ተቀምጣለች። ፊቷን በሁለት እጇ ከልላለች። ውድነሽ አጠገቧ ተንበረከከች።

«እትዬ፣ በመስኮቱ ይመልከቱ። ወንድምዎ ቆመዋል።»

«አላይም።»

«እትዬ! እርስዎ አላይ አሉ፣ ወንድምዎ አልሳፈር አሉ፣ አውቶቡሱ አልነሣ አለ፣ ወንዙ አልመልስ አለ፣ ጉሙ አልሄድ አለ፣ ሽቦው አልለቅ አለ፣ ባቡሩ አልቆም አለ፣ በሩ አልከፈት አለ። ልጄ ደግሞ አልገባ አለች፤ በሆዷ ያለው ሊሞትብኝ ነው!»

ሴትዮዋ ከእጇ ሥር ቀስ ብላ ተናገረች። «ጥሩወርቅ እባላለሁ። ዘውገ ሲሞት እኔ ታምሜ ተኝቼ ነበር። ትደነግጣለች ብለው መርዶውን ደበቁኝ። ቀበሩት። ለቅሶው አለቀ፣ ድንኳኑ ፈረሰ። የነገሩኝ ስድን ነው። እኔ አስከሬን አላየሁ፣ አፈር አላለበስኩ። ሞተ ያሉት እነሱ ናቸው። ይሄን ፌርማታ ካላየሁት ለእኔ አልሞተም። አየሁትና ባዶ ከሆነስ?»

«ባዶ አይደለም። ወንድምዎ እዚያ አሉ።»

«ባርኔጣውን አድርጓል?» አለች ሴትዮዋ።

«አድርገዋል። ርሰዋል፤ በርዷቸዋል።»

«ብቻዬን አላየውም። ብቻዬን ነው መርዶ የሰማሁት። ይሄን ብቻዬን አላደርገውም። ተቀመጪ። ለቅሶ እንደሚደረስ አጠገቤ ተቀመጪ።»

ስልኩ እንደገና መጮህ ጀመረ። ቤዛ ናት። ውድነሽ ስልኩን አየች፤ ሴትዮዋን አየች፤ ጣቢያው በቀኝ በኩል መብራቱን እያሳየ ሲያልፍ አየች። እግሯ ወደ በሩ ሊሮጥ ፈለገ። በሩ ግን እንደተዘጋ ነው። ስልኩን እየጮኸ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችውና ሴትዮዋ አጠገብ ቁጭ አለች። አንድ እጇን ያዘችላት። የሴትዮዋ እጅ እንደ በረዶ ቀዝቅዟል።

«እግዜር ያጽናሽ እህቴ» አለቻት። ወንድሟ ሲሞት ማንም ያላላትን ነው ያለቻት።

ጥሩወርቅ ይሄኔ አነባች። እያነባች ሌላውን እጇን ከፊቷ አነሣች፤ እያነባች ወደ ግራ አየች።

«ዘውጌ!» አለች። «ወንድም ዓለም! ምነው ይሄን ያህል በረደህ?»

ሽማግሌው ባርኔጣውን አነሣላት።

«አትጠብቀኝ በቃ። እኔ አሁን አልመጣም፤ ገና ነኝ። አንተ ግን ሂድ። በሰላም ሂድ፣ ወንድሜ።»

እንግዲህ ልብ ብላችሁ ስሙ። ጥሩወርቅ አየች፣ ዘውገ ተሳፈረ። ዘውገ ተሳፈረ፣ አውቶቡሱ ተነሣ። ያለ ጎማ፣ ያለ ሹፌር ከውሃው ተነሣ፤ መብራቱን እያበራ በወንዙ ላይ ሄደ፤ ድምፅም አልነበረው። አውቶቡሱ ተነሣ፣ ወንዙ ተነፈሰ። ወንዙ ተነፈሰ፣ ጉሙን መለሰ። ጉሙ እንደ ተጠራ ውሻ ከጣራው፣ ከመንገዱ፣ ከመስታወቱ እየተሳበ ወደ ወንዙ ወረደ። ጉሙ ሄደ፣ ሽቦው ጣቢያውን አየ። ሽቦው አየ፣ ባቡሩን ለቀቀ። ባቡሩ ተለቀቀ፣ ቆመ። ባቡሩ ቆመ፣ በሩ ተከፈተ!

ተሳፋሪዎቹ ሁሉ እንደ ነቃ ሰው ተንጠራሩ። «ደረስን እንዴ?» ተባባሉ። አንዱ ስልኩን አወጣ፤ አንዷ አስነጠሰች።

«ሂጂ» አለቻት ጥሩወርቅ፣ እጇን እየለቀቀች። «ልጅሽ ጋ ሂጂ፤ እኔ በደንብ ላልቅስበት።»

ውድነሽ ወረደች። ደረጃውን እንዴት እንደጨረሰችው አታውቅም። መንገዱን በመኪና መሃል ተሻገረች፤ ሹፌሮች ሰደቧት፤ አልሰማችም። በሆስፒታሉ ኮሪደር ስትሮጥ ቤዛ በተሽከርካሪ አልጋ ላይ ተኝታ፣ የበሩን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛ አገኘቻት። ነርሷ ጣቶቿን ልታላቅቅ ትታገላለች።

«መጣች!» አለች ቤዛ፣ በሩን ለቀቀችው። ከዚያ ተቆጣች። «ስደውል ለምን አታነሺም? ምን ሆነሽ ነው?»

«ሰው እየሸኘሁ ነበር።»

«ማንን?»

«አላውቃቸውም። ግቢ አሁን፤ እዚህ ነኝ።»

ቤዛ የእናቷን እጅ አንዴ ጨብጣ ገባች። ውድነሽ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ቀሚሷ እስከ ጫፉ ርሶ ነበር፤ ውሃው የወንዝ ውሃ ይሸታል። ከዚያ ከበሩ ጀርባ መጀመሪያ ዝምታ፣ ቀጥሎ የብረት ድምፅ፣ እንደገና ዝምታ ሆነ። ዝምታው ረዘመ። ውድነሽ የምታውቀውን ጸሎት ሁሉ ጨርሳ የማታውቀውን ጀመረች።

በመጨረሻ አንድ ትንሽ ጉሮሮ፣ ገና ዓለምን ሳያያት፣ ተቆጥቶ ጮኸ።

«ሴት ናት» አለች ነርሷ፣ በሩን ከፍታ። «ሁለቱም ደህና ናቸው። ይግቡ።»

ውድነሽም ገባች። እኔም ወሬዬን ጨረስኩ፤ የተጠጋችሁት ሰው አጠገባችሁ ካለ፣ እጁን ገና አትልቀቁት።