ስም ያልተጠራበት ጥሩምባ

«ሥራው ሞት መናገር የሆነ አንድ ሰው ነበረ» አሉ የኔታ ክንፈ።

ይህን ያሉት ለማስተዋል ነው። ማስተዋል በከተማው ሆስፒታል ነርስ ናት። ሆስፒታሉ ለሰፈሩ ሰው በነጻ የጤና ትምህርት ይሰጣል፤ የምታስተምረውም እሷ ናት። የዚያን ዕለት ለባዶ ወንበር ስታወራ ውላ ስትመለስ፣ የኔታ ተማሪዎቻቸውን አሰናብተው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ተቀምጠው አገኘቻቸው። «የኔታ፣ ገንዘብ አልጠየቅናቸውም፤ ነገሩ ለገዛ ጤናቸው ነው። ለምንድን ነው የማይመጡት? መማር ካልፈለጉ ብተወውስ?» ስትል ጠየቀቻቸው። የኔታ ፊታቸውን ቋጠር አደረጉና «ተቀመጪ» አሏት። ከዚያ ነው ወሬውን የጀመሩላት።

ሰውየው የአንድ እድር ጥሩምባ ነፊ ነበር። ከእድርተኛው ቤት ሰው ሲሞት ጎህ ሲቀድ ይነሳል፤ በየመንደሩ እየዞረ ጥሩምባውን ይነፋል፤ ቀጥሎም የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይጠራል። ድምፁን የሰማ ሁሉ የያዘውን ትቶ ይወጣል። ገበያ ለመሄድ የተነሳው ይመለሳል፤ ከሟቹ ጋር ተኳርፎ የከረመውም ኩርፊያውን እቤቱ ጥሎ ይመጣል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይደርሳሉ። ሰውየው በሥራው ይኮራ ነበር። «እኔ ስሙን ጠርቼው ሳይቀበር የቀረ የለም» እያለ ይቀልዳል። ቀልዱን ከእሱ በቀር የሚወደው ሰው አልነበረም።

የእድሩ ደንብ አንድ ነገር አጥብቆ ይከለክላል። ጥሩምባው የሚነፋው ለሞት ብቻ ነው። ለሠርግ አይነፋም፣ ለስብሰባ አይነፋም፣ ሌባ ቢገባ እንኳ አይነፋም። ሰውየውም ጥሩምባውን ከተረከበ ጀምሮ ይህን ደንብ አፍርሶ አያውቅም።

በሰፈሩ አጠገብ የነበረው ሆስፒታል በየሳምንቱ አንዲት አዋላጅ ነርስ ወደ እድሩ ቤት እየላከ በነጻ ማስተማር ጀመረ። ከሦስት ከአራት ሰው በቀር የመጣ የለም። አንዱ «ሳይታመሙ ሐኪም ዘንድ መሄድ በሽታን ስም ጠርቶ ማምጣት ነው» አለ። ሌላው «ፎቶ አንስተውን ሊሄዱ ነው እንጂ ለእኛ ብለው አይደለም» አለ። የቀሩት ምክንያት እንኳ ሳይሰጡ ቀሩ። ጥሩምባ ነፊው ግን የእድር ቤቱ ቁልፍ በእጁ ስለሆነ በሩን ከፍቶ ትምህርቱ እስኪያልቅ መጠበቅ ነበረበት። ወደደም ጠላም ይሰማል። አብዛኛውን ጊዜ ግን በሩን ተደግፎ ያንቀላፋ ነበር።

አንድ ቀን አዋላጅዋ ስለ ነፍሰ ጡር ሴት ተናገረች። የመውለጃዋ ጊዜ የተቃረበ ሴት ፊቷና እጇ ካበጠ፣ የማይለቅ ራስ ምታት ከያዛት፣ ዓይኗ ብዥ ካለባት፣ ውላ ሳታድር ወደ ሆስፒታል ትምጣ አለች። ይህ የደም ግፊት ሊሆን ይችላል፤ በጊዜ ከተደረሰላት ትድናለች፤ ከዘገየች ግን ያንቀጠቅጣታል፣ እናትም ልጅም ሊያልፉ ይችላሉ አለች።

ሰውየው ነቃ። አንዲት ሴት ልጅ ነበረችው። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ከባሏ እናት ጋር ትኖራለች፤ ባሏ ሾፌር ነው፣ አገር ላገር ይዞራል። ባለፈው እሑድ ሊጠይቃት ሄዶ ፊቷ ሞልቶ አግኝቷት ነበር። አማቷ «አየህልኝ? እኛ ቤት ተመችቷት ወፈረች» ብላ በኩራት አሳይታዋለች። ልጅቱ ራሷን በሻሽ ጥብቅ አድርጋ አስራ ነበር። ያን ዕለት ደስ ብሎት ነበር ወደ ቤቱ የተመለሰው። አሁን ግን ፈራ።

እንዲህ ፈርቶም ቶሎ አልሄደም። በዚያ አገር አባት ከልጁ ጋር ስለ እርግዝናዋ አያወራም፤ ነውር ነው። ከልጁ አማት ጋር ማውራትማ የባሰ ነውር ነው። ዛሬ እሄዳለሁ፣ ነገ እሄዳለሁ እያለ ከራሱ ጋር ሲሟገት ሳምንቱ ሊያልቅ ሆነ። የሚቀጥለው ትምህርት አንድ ቀን ሲቀረው አላስችል አለውና ሄደ። ስለ ዝናቡ አወራ። ስለ መንገዱ መበላሸት አወራ። በመጨረሻ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «ይህችን ልጅ ሐኪም ቢያያትስ?» አለ።

አማቲቱ ሳቀች። «አንተ ጥሩምባህን ንፋ፤ የሴቱን ነገር ለሴት ተወው። እኔ ስድስት ስወልድ የትኛው ሐኪም ነው ያየኝ?» አለችው። ክፉ ሴት እንዳትመስልሽ። ልጅቱን ከወለደቻቸው አብልጣ ትወዳታለች፤ የምታውቀውን ነው የምታደርገው። ሰውየው ሊሰናበት ሲነሳ ልጅቱ ከጓዳ ወጣች፤ ግድግዳውን በእጇ እየዳበሰች ነው። «አባዬ፣ አንተ ነህ? ዓይኔን ብዥ እያለብኝ ነው» አለችው።

ከዚያ ቤት ሲወጣ ሮጠ። አዋላጅዋን አግኝቶ ለመናት፤ እሷም ሳትውል ሳታድር እልጅቱ ደጃፍ ድረስ ሄደች። አማቲቱ በሩን ገርበብ አድርጋ «ተኝታለች የኔ ልጅ፣ ሌላ ቀን ነይ» ብላ በአክብሮት መለሰቻት። ሰውየው ይህን ሲሰማ የቀረውን ነገር አሰበ። ይህች ሴት የሐኪምን ቃል አልሰማችም፤ የአባትንም ቃል አልሰማችም። ከለቅሶ ግን ቀርታ አታውቅም።

ጎህ ሲቀድ ጥሩምባውን ከተሰቀለበት አወረደና ነፋው።

እየነፋ በየመንደሩ ዞረ። ስም ግን አልጠራም፤ ያልሞተን ሰው ሞተ ብሎ ውሸት ከአፉ ማውጣት አልቻለም። «ወደ እድር ቤት ኑ» ብቻ ይላል። ሰዎች ከየደጃፋቸው «ማን ነው? ኧረ ማን ነው?» እያሉ ይጠይቁታል፤ ሳይመልስላቸው ያልፋል። ከንፈሩ ይንቀጠቀጥ ስለነበር የጥሩምባው ድምፅ ራሱ እንደ ወትሮው ጥርት አላለም ይባላል። ሰውም በዚህ የባሰ ደነገጠ።

አዋላጅዋ እንደ ልማዷ ለሦስት ለአራት ሰው ልታስተምር ስትመጣ እድር ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ ጠበቃት። ጥቁር የለበሰ አለ፤ ነጠላ ያዘቀዘቀች አለች፤ ወጣቶቹ የእድሩን ቃሬዛ አውጥተው ደጅ አቁመዋል። የልጅቱ አማት ከፊት ተቀምጣለች። የእድሩ ሊቀመንበር ተነሳና «ሰውዬ፣ ሰው አሸበርክ እኮ። ማን ነው የሞተው?» አለው።

«እስካሁን ማንም አልሞተም» አለ ጥሩምባ ነፊው።

ቤቱ ተናወጠ። «ቀለድክብን?» ያሉት ብዙ ናቸው። ሊቀመንበሩ እጁን አንስቶ ዝም አሰኛቸው። ጥሩምባ ነፊው ጥሩምባውን መሬት ላይ አስቀመጠና እንዲህ አለ። «ደንብ አፍርሻለሁ፤ የፈለጋችሁትን ፍረዱብኝ። ግን ይህች አዋላጅ ያለፈው ሳምንት የተናገረችውን ሰው ካልሰማት፣ ነገ የማንን ስም እንደምጠራ አውቃለሁ። የልጄን ነው። በእኔ አፍ ነው የምጠራው። አልችልም። ስለዚህ ዛሬ ጠራኋችሁ።»

አባት ስለ ልጁ እንዲህ በአደባባይ ሲናገር ያ ሰፈር ሰምቶ አያውቅም። የተቆጣውም አፈረ። ደግሞም ለለቅሶ የወጣ ሰው ሳይቀመጥ አይመለስምና ሁሉም ተቀመጠ። አዋላጅዋ ያለፈውን ሳምንት ትምህርት ደገመች። ስለ ማበጡ ተናገረች፣ ስለ ራስ ምታቱ ተናገረች። ስለ ዓይን ብዥታ ስትናገር አማቲቱ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች።

«ሦስቱም ካለባትስ?» አለች።

«አሁኑኑ ነዋ፣ እናቴ» አለች አዋላጅዋ።

የልጅቱ ቤት ባጃጅ የማይገባበት ገደል ሥር ነበር። ወጣቶቹ ቃሬዛውን ብድግ ሲያደርጉ አንዳንድ አሮጊቶች «ሕያው ሰው በእድር ቃሬዛ? ሟርት ነው» ብለው ሊከለክሉ ሞከሩ። አማቲቱ ግን የራሷን ነጠላ ከትከሻዋ ገፍፋ ቃሬዛው ላይ አነጠፈችና «ተሸከሙልኝ» አለች። ለቀብር የመጣው ሕዝብ በሙሉ ልጅቱን ተሸክሞ፣ አጅቦ፣ ሆስፒታል አደረሳት። በዚያው ቀን ወለደች። ሕፃኗ ትንሽዬ ነበረች፤ እናቲቱም ብዙ ቀን ተኝታ ታከመች። ሁለቱም በእግዚአብሔር ቸርነትና በሐኪሞቹ ትጋት ዳኑ።

እድሩ ግን እድር ነው። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ደንብ አፍርሰሃል ብለው ጥሩምባውን ተቀበሉትና ለሌላ ሰው ሰጡት። አልተከራከረም። ልክ ናቸው፤ ያ ጥሩምባ እንዲያ ሁለት ጊዜ ቢነፋ ሦስተኛውን የሚሰማ አይኖርም ነበር። ሰውየው በሚቀጥለው ሳምንት ትምህርት ሲደርስ ባዶ እጁን ወጣ። በየደጃፉ እየቆመ፣ «እገሊት፣ ያቺ ምራትሽ ደርሳለች መሰለኝ፤ ነይ፣ ይዘሻት ነይ» ይላል። «አንተ፣ ያ ሳልህ ስለከረመብህ ፈርቼልሃለሁ፤ ብቅ በል» ይላል። ሰዎቹም መጡ። ሁሉም አልመጡም፤ ግን መጡ፤ በየሳምንቱም ይጨምሩ ነበር።

የኔታ ወደ ማስተዋል ዞሩ።

«እንግዲህ ልጄ፣ ሰው ለምን አይመጣም ብለሽ ጠየቅሽኝ። ሰውማ መምጣት ያውቃል፤ ለሞተ ሰው እንኳ ሥራውን ጥሎ ይመጣል። ያ ሰው ከአዋላጅዋ የበለጠ እውቀት አልነበረውም፤ የተናገረው ከእሷ የሰማውን ነው። የሚፈራላት ሰው ነበረችው፤ መፍራቱንም ሳይደብቅ በሰው ፊት ተናገረ። ነገሩ የጥሩምባው እንዳይመስልሽ፤ ጥሩምባውን ከተቀበሉትም በኋላ በባዶ አፉ ሲጠራቸው መጥተውለታል። ሰው የሚመጣው ለሚያውቅለት ብቻ አይደለም፤ ለሚፈራለት ነው።»

ማስተዋል ልትመልስ አፏን ከፈተች፤ የኔታ ግን አልጨረሱም።

«ሆስፒታሉ በር ላይ የለጠፍሽውን አይቼዋለሁ። ‹ሁላችሁም ተጋብዛችኋል› ይላል። እኔ በዚህ ሰፈር አርጅቻለሁ፤ ሁላችሁም የሚባል ሰው አላውቅም። እስቲ ንገሪኝ፤ ከነዚህ ሁሉ ቤቶች ውስጥ አንቺ የምትፈሪለት ማን አለ?»

ማስተዋል ቀና አለች። ዓይኗን ወደ ቤቶቹ ጣራ ላከች።

«ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያሉት እማማ ሙላቷ» አለች በመጨረሻ። «እግራቸው ላይ ያለው ቁስል አልድን ብሏቸዋል፤ ውኃም ያለ ልክ ይጠጣሉ። ስኳር ይመስለኛል የኔታ። እሳቸውን ባየሁ ቁጥር ልቤ ይፈራል።»

«እና ይህን ነግረሻቸው ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ እኔ ዘንድ ተቀምጠሽ ምን ትሠሪያለሽ?» አሏት የኔታ።