የሻሽቱ ነጠላ

ድሮ፣ ድሮ፣ እንስሳት ሠርግ በሚጠራሩበት፣ ለቅሶም በሚደራረሱበት ዘመን፣ ስሟን የሚያስታውስ ባልተረፈላት አንዲት አገር፣ አያ ጉሬዛ የሚባል መሰንቆ መቺ ነበር። እሱ መሰንቆውን ሲያነሳ ነብር ሚዳቋን ረስቶ ያዳምጣል፤ ሚዳቋም ነብርን ረስታ አጠገቡ ትቀመጣለች። ዘፈኑ ሲያልቅ ሁለቱም ይደነግጣሉ።

ሚስቱ ሻሽቱ ትባላለች። ከትከሻዋ እስከ ጅራቷ ጫፍ የሚወርድ ነጭ ጠጉር ነበራት፤ አገሩም «የሻሽቱ ነጠላ» ይለው ነበር። ያኔ የጉሬዛ ልጅ ጥቁርና ስስ ሆኖ ነበር የሚወለደው። ዝናብ ሲመጣ እናቲቱ ልጇን በነጠላዋ ሸፍና ታሳልፈዋለች። የነጠላው ሥራ ይኸው ነበር።

አንድ ቀን የመሰንቆው ጭራ ተበጠሰ። ጭራ የሚሉት ያ ድምፅ የሚሰጠው የጠጉር ክር ነው። አያ ጉሬዛ ወዲያ ወዲህ አየና ዓይኑ ሻሽቱ ላይ አረፈ።

«እስቲ ትንሽ ብቻ፣ ሻሽቱዬ። ለጥበብ ነው!»

ሳብ፣ ንጭት!

አዲሱ ጭራ ከቀድሞው የበለጠ አንጀት ይበላል። ሻሽቱ ትከሻዋን እያሻሸች፣ «እውነትም ያምራል» አለች። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ባያምር ኖሮ በአንድ ጊዜ በቀረ ነበር።

ጭራ ደግሞ ይበጠሳል። ለሠርግ ሲጠሩት፣ «ለጥበብ ነው፣ ሻሽቱዬ!» ሳብ፣ ንጭት! ለአዝመራ በዓል ሲጠሩት፣ «ለጥበብ ነው!» ሳብ፣ ንጭት! ጠጅ ጠግቦ መጥቶ መሰንቆውን ከግንድ ያጋጨ ዕለት፣ በማግስቱ አንገቱን ደፍቶ፣ «ለጥበብ ነው» ይላል። እየቆየ ማለቱንም ተወው። ሳብ፣ ንጭት ብቻ ሆነ።

«የራስህስ ጠጉር?» አለችው አንድ ቀን።

«የእኔንማ ሕዝብ ያየዋል» አላት፣ ትከሻው ላይ የወረደውን ነጭ ጠጉር እያበጠረ። «የእኔ ለዓይን ነው፣ የአንቺ ለጆሮ።»

ጎረቤቷ እሜቴ ጃርት ይህን ሰምተው መጡ። «አንቺ ልጅ፣ ይኼ ነገር እስከ መቼ ነው? እኔን ባሌ አንድ ቀን ልንጭሽ ብሎ እስከ ዛሬ በግራ እጁ ነው የሚበላው!»

«እርስዎንማ ፈጣሪ እሾህ አልብሶዎታል፣ እሜቴ» አለች ሻሽቱ። «እኔን ያለበሰኝ ነጠላ ነው።»

ክረምት ገባ። ሻሽቱ ወንድ ልጅ ወለደች። ከነጠላዋ የቀረው ጀርባዋ ላይ ያለ አንድ እፍኝ ጠጉር ነበር፤ ልጁን እዚያ ሥር ትሸጉጠዋለች። እግሩን ስትሸፍን ራሱ ይቀራል፤ ራሱን ስትሸፍን እግሩ ይቀራል። ልጁ ማሳል ጀመረ።

በዚያው ሰሞን ጌታ አንበሳ ልጁን ሊድር አገር ጠራ። አያ ጉሬዛም የተበጠሰ ጭራውን ይዞ ወደ ሻሽቱ ተጠጋ።

«ይቺን እንኳ ተውልኝ» አለችው። «ልጁ የሚተኛው እሷ ሥር ነው።»

«ጌታ አንበሳ ፊት ባዶ እንጨት ይዤ ልቁም? ለጥበብ ነው!»

«አያ ጉሬዛ፣ ጥበብ የሚያምረው እኮ ነጠላው ሲኖር ነው።»

አያ ጉሬዛ እጁን እንደዘረጋ ቆም አለ። ቃሉን በአፉ ውስጥ አገላበጠው። «ጎሽ!» አለ። «እቺ ስንኝ ትሆናለች።»

ሳብ፣ ንጭት!

ሻሽቱ ልጇን አቅፋ ወደ አገሩ ዳኛ ወደ አያ ጅቦ ሄደች። አያ ጅቦ ከእመት ጦጢት ጋር ተቀምጦ ስለ ሠርጉ ሥጋ ያወራ ነበር። ጉዳዩን ሰማና ራሱን አከከ።

«እኔ ሥጋ ስበላ የላሟን ኑሮ አልጠይቅም» አለ። «ብጠይቅ ኖሮ ይኼኔ በረሃብ ሞቼ ነበር።»

«አስነጭቶ ማዘፈን ግን ነውር አይደለም?» አለች ሻሽቱ።

«ነውር ነው እንጂ!» አለች እመት ጦጢት። «በጣም ነውር ነው። ሠርጉ ይለፍና እንነጋገርበታለን።»

ሻሽቱ ተመለሰች። አንድ ነገር ብቻ ቀርቷታል። በዚያ አገር ሕግ፣ ከታዳሚው አንዱ ተነስቶ «ተቀበል!» ካለ፣ አዝማሪ የተሰጠውን ስንኝ ሳይጥል ይዘፍናል። የጣለ አዝማሪ ዳግመኛ መሰንቆ አይዝም። ከራሱ አፍ ከሰሙት፣ አለች በልቧ፣ አልሰማንም ሊሉ አይችሉም፤ ልጄን አንዱ ያለብስልኛል።

የሠርጉ ዕለት ዳሱ ሞላ። አያ ጉሬዛ ተጫወተ፤ ነብርና ሚዳቋ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሻሽቱ ከዳር ተነሳች፤ የተነጨ ትከሻዋን ዝናብ አርሶታል።

«ተቀበል!» አለች።

የአያ ጉሬዛ ደጋን አየር ላይ ቀረ። «እሺ፣ የኔ እመቤት» አለ፤ ሌላ ምን ሊል?

«ነጠላዬን ነጭቶ ለጭራ ያዋለው፣
ልጄ ሲንቀጠቀጥ ዜማ መሰለው።»

ልጁ አሳለ። አያ ጉሬዛ ሊጥለው ይችል ነበር፤ አልጣለውም። ዓይኑን ጨፈነና በዚያው በእሷ ጠጉር፣ ቃል ሳያጎድል ዘፈነው። መሐል ላይ ድምፁ ተሰበረ፤ እንባውም ወረደ። እንባው የውነት ነበር፤ ሻሽቱ የውሸቱን ታውቃለች።

አንበሳ አለቀሰ። አያ ጅቦ ሥጋውን አስቀምጦ አለቀሰ። እመት ጦጢት «ዋይ! ዋይ! ይድገም!» እያለች አለቀሰች። ተደገመ።

«በዕድሜዬ እንዲህ ያለ አልሰማሁም!» አለ ጌታ አንበሳ። «ካባ አልብሱት!»

ወፍራም የበግ ጠጉር ካባ መጣ። ሻሽቱ ልጇን ከብብቷ አውጥታ በሁለት እጇ ያዘችው። አያ ጉሬዛ ካባውን ደርቦ፣ ሕዝቡን ከፍሎ፣ እያለቀሰ ወደ እሷ መጣ።

«ሻሽቱዬ» አለ፣ «ስንኝሽ አንጀቴን አላወሰው።»

«ካባው...» አለች።

«አማረብኝ?» አለ።

ክረምቱ ሳይወጣ ልጁ ሞተ። አያ ጉሬዛ በካባው ሆኖ ሙሾ አወረደለት፤ ለቀስተኛውም «እንዲህ ያለ ሙሾ ተሰምቶ አይታወቅም» እየተባባለ ተመለሰ። እሜቴ ጃርት ብቻ ከሻሽቱ ጋር ቀሩ፤ ሊያቅፏት እጃቸውን ዘርግተው እሾሃቸው ትዝ አላቸውና ራቅ ብለው ተቀመጡ። ሻሽቱም ወንዙን ተሻግራ ሄደች።

ዘመን አለፈ። አያ ጉሬዛ አረጀ፣ ሞተ፤ ካባውንም ብል በላው። ዘፈኑን ግን ብል አልበላውም።

አንድ ክረምት፣ ከወንዙ ማዶ ሠርግ ላይ፣ ወጣት አዝማሪ ያንኑ ዘፈን አወጣ። የማን እንደሆነ አያውቅም፤ ሲዘፈን ሰምቶ ነው የያዘው። ታዳሚው አለቀሰ። ሻሽቱ አርጅታ፣ ነጠላዋም አድጎላት፣ ጥግ ተቀምጣለች። እግሯ ሳታውቀው ከምቱ ጋር መሬቱን መታ መታ ያደርጋል።

አጠገቧ የተቀመጠች አንዲት ሚዳቋ እንባዋን እየጠረገች፣ «እማማ፣ እርስዎ አያለቅሱም? ዜማው አይጣፍጥም?» አለቻት።

«ይጣፍጣል» አለች ሻሽቱ። «ያኔም ይጣፍጥ ነበር። ብቻ ይበርዳል።»

ሚዳቋዋ አልገባትም፤ ወደ ዘፈኑ ተመለሰች። ከእግሯ ሥር ግልገሏ በዝናብ ርሶ ይንቀጠቀጣል። ሻሽቱ ነጠላዋን ዘርግታ ግልገሉን ከራሱ እስከ እግሩ ሸፈነችው። ዘፈኑ እስኪያልቅ እንደዚያው ያዘችው።

ከዚያ ወዲህ የጉሬዛ ልጅ ሲወለድ ሁለመናው ነጭ ነው ይባላል። ነጣቂ መጥቶ «ለጥበብ ነው» ሳይል፣ እናቲቱ ነጠላዋን አስቀድማ ለልጇ ትሰጣለች። ዘፈኑም እስከ ዛሬ አለ፤ ብትሰሙት ታለቅሳላችሁ። አልቅሱ፤ ማንም አይከለክላችሁም። ይህን ተረት የሚያወሩ ግን ከመሰነባበታቸው በፊት ይቺን ይሏታል፦

በዘፈኑ አልቅስ፣ የበረደውን አልብስ።