በልቶ የማይወፍረው

«በልቶ ሥጋ የማይጨምር ፍጥረት አያዋጣም፤ ይታረዳል!» አሉ የዶሮ እርባታው ጌታ አቶ ልሳነወርቅ፣ የሽማግሌ ዘበኛቸውን ቀይ ዶሮ ከሚዛኑ ላይ እያነሱ። እኩል መኖ ቢበሉም የእሳቸው ነጭ የፈረንጅ ዝርያ እጥፍ ከብዷል።

ቀዮቹን ከጫጩትነታቸው ጀምሮ ያሳደጋቸው ዘበኛው ሽማግሌ ነው። ነገር አያበዛም። ሠራተኛው ሁሉ አፍ አፉን ያየዋል።

«ፍርዱን አንተው ስጥ! ወይ ሚዛኑ ዋሽቷል በለኝ፣ ወይ ቢላዋውን አንሳ» አሉት ጌታው።

ሽማግሌው መቃ የመሰለ ክንዱን አየት አደረገና ሚዛኑ ላይ ወጥቶ ቆመ።

«ሚዛኑስ አይዋሽም፣ ጌታዬ። ግን ተራ ይጠበቅ። ባለቤቴ ከሠርጋችን ጀምሮ ብትቀልበኝ ብትቀልበኝ ይኸው አጥንት ብቻ ነኝ። ከእኔ ይጀመር።»

አቶ ልሳነወርቅ ሳቃቸው አመለጣቸው።

«በል ውረድ፣ ዶሮዎችህንም ይዘህ ሂድ፤ ይህን ሚዛን ግን ባለቤትህ እንዳታይብህ!»