ለለቅሶ የማይሆን ኩታ

ልጅ ሳለሁ ከቅዳሴ መልስ ሁለት ሴቶች ከፊቴ ሲሄዱ ያወሩትን ሰምቻለሁ። የየትኛው በዓል ዕለት እንደነበረ ጠፍቶኛል፤ ፊታቸውንም አላስታውሰውም። አንደኛዋ ጎረቤቷን እያነሣች፣ «እሷማ ምን ጎደለባት? ሁሉ በእጇ፣ ሁሉ በደጇ» ስትል ሌላዋ ቆም አለችና፣ «ገበሩን አይተሽላታል?» አለቻት። ከዚያ በኋላ ሁለቱም መንገዳቸውን ቀጠሉ። ስለ ልብስ ሳያወሩ ገበር ምን አመጣው ብዬ ብዙ ጊዜ አሰብኩ። አባባል መሆኑን ያወቅሁት፣ አባባሉም ባለቤትና አገር ያለው መሆኑን የሰማሁት ከስንት ዓመት በኋላ፣ ነገሩን በዓይናቸው ካዩ ከአንዲት አሮጊት አፍ ነው። እንደነገሩኝ እነግራችኋለሁ።

ከደሴ በስተ ደቡብ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ፣ ትልቁ ድርቅ ካለፈ በሁለተኛው ዓመት፣ ደብሪቱና አንጓች የሚባሉ ሁለት ሴቶች በአንድ አጥር ተዋስነው ይኖሩ ነበር። ደብሪቱ የጨው ነጋዴ ሚስት ናት። ባሏ አቶ ውብእሸት በእግር የሚመታ የስፌት መኪና ከደሴ አስጭኖ አምጥቶላታል። መኪናው መስኮት ሥር ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። ዳንቴሉ በየበዓሉ ይታጠባል እንጂ መኪናው ክር አይቶ አያውቅም።

አንጓች ደግሞ ባሏን ከድርቁ በፊት የቀበረች፣ ሁለት ሴት ልጆች የቀሯት ሴት ነች። ያላት አንዲት መርፌ ናት፤ እሷንም እንዳትጠፋባት ከሻሿ ጫፍ ሰክታ ትውላለች። ገበያ ካሉት ልብስ ሰፊዎች እግር ሥር ብጣሽ ጨርቅ ትለቅማለች። ከአሮጌ ሱሪ ዘንቢል የሚያህል ቦርሳ፣ ከሸሚዝ ጀርባ የሕፃን ቀሚስ፣ ካለቀ ጋቢ ትራስ ታወጣለች። ኮሌታው የተበላ ሸሚዝ ከመጣላት ስፌቱን ተርትራ፣ ኮሌታውን ገልብጣ ትመልሰዋለች፤ ሸሚዙ አዲስ ይሆናል።

የደብሪቱ ቅናትም ከኮሌታ ጀመረ። አቶ ውብእሸት አንድ ቀን ምሳ ላይ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ «እስቲ ይህን ኮሌታ እዪልኝ። በመርፌ ብቻ ነው የሠራችው» አለ።

«መኪና እያለኝ ለጎረቤት የሰጠኸው ለምንድን ነው?»

«መኪናሽ እንዳይደክም ብዬ።»

እሱ ስቆ ወጣ። እሷ ግን ያንን ኮሌታ ማየት አቃታት። ሸሚዙ ታጥቦ ሲሰጣ ፊቷን አዙራ ታልፋለች። ከአጥሩ ወዲያ ሰው ሲስቅ ከሰማች ስለ እሷ መኪና የሚሳቅ ይመስላታል።

በመጨረሻ እኔስ ምን ያንሰኛል ብላ ተነሣች። ከብጣሽ የሚሠራ የአልጋ ልብስ ለመስፋት አሰበች፤ ነገር ግን ሄዳ ብጣሽ መልቀም አሳፈራት። ስለዚህ አዲስ ጣቃ ገዝታ፣ ተቀምጣ፣ በመቀስ ብጣሽ አደረገችው። ሦስት ሳምንት ሙሉ መኪናውን ስትመታው ከረመች። ሲያልቅ አጥር ላይ አሰጣችው፣ ሰው እንዲያየው። በዚያ ያለፉት ወይዘሮ አበዙ አፋቸው አያርፍምና ቆመው በደንብ ካዩት በኋላ፣ «ደብሪቱ፣ ይሄ ለበቅሎ ነው ለአህያ?» አሉ።

በዚያው ዓመት የመስቀል ዕለት አንጓች አዲስ ኩታ ለብሳ ቤተ ክርስቲያን መጣች። ነጭ ነው፤ ከታች ጫፉ ላይ አረንጓዴና ቀይ እየተፈራረቀ፣ በመሐሉ ቢጫ እንደ እሸት ፍሬ ብልጭ የሚል ጥለት አለው። የዚያን አገር ሸማኔ ሁሉ የምናውቅ ሰዎች የማን እጅ እንደሆነ አጣነው፣ አሉኝ አሮጊቷ። ሴቶቹ ጫፉን እየዳሰሱ ጠየቋት። «ብጣሽ ነው፤ በመርፌ ነው» ከማለት በቀር ነገር አላበዛችም። ደብሪቱ ከኋላዋ ቆማ ነበር። እግዚአብሔር ይቅር ይበላትና፣ ያን ዕለት ከቅዳሴው የሰማችው የለም፤ ያን ጥለት ስታይ ነው ያረፈደችው። ካህኑ ሊባርኩ ሕዝቡ ሁሉ ሲጎነበስ እሷ ብቻ ቀጥ ብላ ቀረች።

ነገሩ በዚህም ያልፍ ነበር። ነገር ግን የማርያም ማኅበራቸው ጽዋ በኅዳር ጽዮን ለደብሪቱ የሚደርሳት ነበረ። ጽዋ ተረካቢ በሴቱም በወንዱም ፊት ቆማ ትቀበላለች፤ ያን ቀን ዓይን ሁሉ እሷ ላይ ነው። ደብሪቱ ይህን ቀን አራት ዓመት ጠብቃዋለች። አሁን ግን እንቅልፍ አጣች። እኔ ምንም ብለብስ አንጓች በዚያ ኩታ ጥግ ይዛ ከተቀመጠች ማን እኔን ያያል አለች። በዓሉ አምስት ቀን ሲቀረው አጥሩን ዞራ አንጓች ቤት ገባች።

አንጓች የእማሆይ ትብለጥን ካባ እየጣፈች ነበር። እማሆይም አጠገቧ ተቀምጠዋል።

«አንጓች፣ ኩታሽን ስጪኝ። የፈለግሽውን ልስጥሽ።»

«እሱን እንኳ ተዪኝ እትዬ ደብሪቱ። ሌላ ልሥራልሽ።»

«ሌላ አልፈልግም። እሱኑ ነው።»

«አይሆንሽም። ለደስታ ነው እንጂ ለለቅሶ አይለበስም።»

«የምለብሰው ለጽዋ ነው። ምነው፣ ሰው ሊሞትብኝ ነው?»

«እንዲያው ገልብጠሽ እዪው።»

ደብሪቱ በልቧ፣ አሁን እንከን አሳይታ ሐሳቤን ልታስለውጥ፣ ከዚያም ራሷ ለብሳው ልትመጣ ነው አለች። ቅናት ያለበት ጆሮ ምክርን እንደ ተንኮል ነው የሚሰማው። «አልገለብጥም» አለች። «መኪናዬን ውሰጂና ስጪኝ።»

አንጓች እጇ ቆመ። «የስፌት መኪናሽን?»

እማሆይ ቀና አሉ። «ደብሪቱ፣ በሬ እንኳ ጥርሱ ሳይታይ አይገዛም።»

«ይሄ በሬ አይደለም እማሆይ። ማርያም ትስማኝ፣ አልመልስም።»

አንጓች ሁለቱን ልጆቿን አየች፣ ከዚያ እማሆይን አየች። ኩታውን ከተሰቀለበት አውርዳ አጥፋ ሰጠቻት። በማግስቱ መኪናው ዳንቴሉን እንደለበሰ አጥሩን ተሻገረ። አቶ ውብእሸት ሲሰማ ኮሌታውን አስተካከለ።

የጽዮን ዕለት ደብሪቱ ኩታውን እንደታጠፈ፣ ሳትገለብጠው ደርባው አማረባት። ጽዋውን ስትቀበል የዚያ ጥለት ጫፍ እግሯ ላይ ሲወዛወዝ እልልታው ቀለጠ። ሁሉም፣ «ምነው እንዲህ ያምርብሻል?» አላት። እሷ ግን ዓይኗ ጥግ ላይ ነው። አንጓች የሳሳች ነጠላዋን ለብሳ ጠላዋን ቀስ እያለች ትጠጣለች፤ ፊቷ ላይ አንዳች ቁጭት የለም። ኩታዋን ወስጄባት እንኳ እንዲህ ከመሰለች ምን ብነጥቃት ነው የሚከፋት ብላ ደብሪቱ በዚህም ቀናች።

ገና ጠበሉ ሳይዳረስ አንድ ዲያቆን ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ «አለቃ ንባቡ ዐረፉ» አለ። አለቃ የዘጠና ዓመት ሽማግሌ፣ የሁሉም የንስሐ አባት ነበሩ። ማኅበርተኛው እንደተሰበሰበ ተነሣ። ልብስ ለመለወጥ ወደ ቤት የሄደ የለም። ሴቶቹ ደጁን ሳይወጡ ነጠላና ኩታቸውን አዘቀዘቁ፤ ለለቅሶ ጥለቱ ወደ አንገት ይወጣል፣ ከላይ የነበረው ወደ ታች ይወርዳል። ደብሪቱም ሳታስበው እጇ የለመደውን አደረገ።

የአንጓች ኩታ ግን የተሠራው ያለው ጨርቅ እስከበቃ ድረስ ነበር። ነጩ ሸማ ከአሮጌ ነጠላ የተለቃቀመ ነው፤ ከጥለቱ ተነሥቶ ትከሻ ጋ ሲደርስ ያልቃል። ከዚያ በላይ፣ በትከሻ ላይ ተጣጥፎ የሚደበቀው፣ ገበሩ ብቻ ነው። ገበሩ ደግሞ በድርቁ ጊዜ የእርዳታ ዱቄት የመጣበት ከረጢት ነበር። አንጓች በእንዶድ ብትፈገፍገውም ሰማያዊው የፈረንጅ ፊደል አልለቀቀም። ኩታው ሲዘቀዘቅ ያ ሁሉ ጽሕፈት በደብሪቱ ቁርጭምጭሚት ዙሪያ ወረደ።

ለቅሶው ቤት ደርሰው እንደቆሙ ወይዘሮ አበዙ ከኋላዋ ተጠጉና፣ «ደብሪቱ» አሉ በሹክሹክታ፣ «ኪሎሽ ተጽፏል።»

ጎንበስ ብላ አየች። እውነትም ሃምሳ የሚል ቁጥር አለ። በዙሪያዋ ያሉት ሴቶች ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ይርገፈገፋል። ከሩቅ ላየ ለአለቃ አምርረው የሚያለቅሱ ይመስላል። እሷም የምትገባበት አጥታ ኩታውን ወደ ፊቷ ስትስብ ጥለቱ ከዓይኗ ሥር መጣ። አንጓች ብጣሽ ነው ብትልም በሸማኔ የተሠራ የመሰላት በጣት ስፋት ተቆርጦ፣ ጠርዙ ወደ ውስጥ ታጥፎ፣ በመርፌ የተያያዘ አሮጌ ጨርቅ ነው። በአረንጓዴው ላይ ሽንብራ የምታህል የእሳት ጠባሳ አለች። ያቺን ጠባሳ ታውቃታለች። በልጇ ክርስትና ዕለት ጧፍ ያቃጠላት የራሷ ቀሚስ ነው፤ ሲያረጅባት፣ «ወለል መወልወያ አድርጊው» ብላ በአጥር ላይ ለአንጓች የወረወረችው።

በማግስቱ ኩታውን ጠቅልላ አንጓች ቤት ገባች። እማሆይ ካባቸውን ሊወስዱ መጥተው ኖሮ እዚያው ናቸው። መኪናው ክር ገብቶለታል፤ የልጅ ቀሚስ ግማሹ ተሰፍቶ ተንጠልጥሎበታል።

«መሳቂያ አደረግሽኝ» አለች ደብሪቱ። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ገልብጪው አልኩሽ።»

«ከረጢት ነው አትይኝም ነበር?»

«ሰው ፊት ከረጢት ነው ማለት አሳፈረኝ» አለች አንጓች። ከመኪናው ተነሣችና ኩታውን ተቀብላ ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። ሰማያዊውን ፊደል በጣቷ እየነካች፣ «ይሄ የታኅሣሥ ነው። ይሄን ስንበላ ትንሹ ልጄ ነበረ።» ቀጥሎ ወዳለው አለፈች። «ይሄኛው ሲመጣ አልነበረም። ጨርቁ ጠንካራ ስለሆነ መጣል አልሆነልኝም፤ ማየትም አልቻልኩም። ለዚህ ነው ወደ ውስጥ ያዞርኩት።» ከዚያ መኪናውን ወደ ደብሪቱ ገፋ አደረገች። «መኪናሽን ውሰጂ። ከመሐላሽ ካህኑ ይፍቱሽ።»

ደብሪቱ መኪናውን አላየችም። እጇን ያቺ የተቃጠለች ጥለት ላይ አደረገች። በዚያ በድርቁ ዓመት፣ ከአጥሩ ወዲህ ሆና፣ የልጁን ለቅሶ ሰምታ ነበር። በመጨረሻ፣ «ማርያምን ጠርቼ ነው የሰጠሁት፤ መኪናው እዚሁ ይቀመጥ» አለች። «ኩታሽንም መልሰሽ ውሰጂ፤ የአንቺ ነው። እኔ ግን ከሰኞ ጀምሮ ያን የአህያ ግላስ የመሰለ ነገር ይዤ ልምጣ። አንቺ ተርትሪልኝ፣ አቆራረጡን አሳዪኝ፣ እኔ እግሬ ጤና ነው፣ መኪናውን እመታልሻለሁ።»

«ነዪ» አለች አንጓች። «ወንበር ግን የለኝም።»

«ወንበር እኔ አመጣለሁ።»

እማሆይ ትብለጥ የተጣፈ ካባቸውን ደርበው በሩ ጋ ከደረሱ በኋላ ዞር አሉና፣ «እንግዲህ ልጆቼ፣ ለልጆቻችሁም ንገሩ» አሉ፤ «ጥለቱን ያየ ይቀናል፤ ገበሩን ያየ ያዝናል።»