የኩምኔ አጥር

በደንቢ መንደር፣ ከብት ወደ ጨፌው በሚወርድበት መንገድ በስተግራ፣ እርጅና ያጎበጣቸው ሰባት የኮርች ዛፎች በአንድ መስመር ቆመው ይታያሉ። ስማቸው «የኩምኔ አጥር» ነው። ዛሬ የሚያጥሩት ነገር የለም፤ ወዲህም ወዲያም ያለው የግጦሽ ሣር ነው፤ ቤት እንደነበረ የሚያሳዩት ጥቂት የምድጃ ድንጋዮች ብቻ ናቸው። ዛፎቹ ስምንት ናቸው የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ ሁለት ጊዜ ሄጄ የቆጠርኩት ሰባት ስለሆነ ሰባት ብዬ ጽፌአለሁ።

የመንደሩ ሰው አንድ ልማዱን ከእነዚህ ዛፎች ጋር ያያይዛል። አንጮቴ ሐረጉ አጥር ላይ የሚወጣ፣ ስሩ ከመሬት በታች እያበጠ የሚበላ የጓሮ ተክል ነው። መስቀል ካለፈ በኋላ ይቆፈርና ታጥቦ ከነልጣጩ ይቀቀላል፤ የሚላጠው ከበሰለ በኋላ ነው፣ በጥሬው የላጠው ሰው ምሬቱን ይቀምሳል። ከዚያም ተቆራርጦ በቅቤና በሚጥሚጣ ይበላል። በደንቢ ግን ከመጀመሪያው ድስት የወጣውን የመጀመሪያ ስር የቤቱ ሰው አይቀምሰውም። በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ ሳይቀዘቅዝ፣ ብቻውን ለሚበላ ጎረቤት ይወሰዳል። የሚሰጠውም በበር ሳይሆን በአጥር ላይ ነው፤ ሰጪው ተቀባዩን አያናግርም፣ የሚያናግረው ጓሮ ያለችውን ዶሮ ወይም የታሰረውን በሬ ነው። «ዶሮዬ፣ ይህን እዚህ ረስቼው ሄድኩ» ይላል፣ ይሄዳል። እንግዳ ሰው ይህን ሲያይ ይስቃል። ነገሩ እንዴት እንደተጀመረ አባቶች ሲያወሩ የሰማሁትን እንደሰማሁት እጽፋለሁ፤ የጎደለ ካለ ጥፋቱ የእነሱ ሳይሆን የእኔ ነው።

እንደሚነገረው፣ ዓመተ ምሕረቱን በትክክል የሚያውቅ አላገኘሁም እንጂ፣ በአንድ ዘመን ጃርት በዝቶ የሰዉን ጓሮ እየቆፈረ ጨረሰው። ጃርት የተወውን ደግሞ ረሃብ ቆፈረው። የአንጮቴ ዘር የሚገኘው ሳይቆፈር ለዓመታት መሬት ውስጥ ከሚቆይ ስር ነው፤ ከእሱ የሚወጣው ሐረግ ያፈራል፣ ፍሬው ሲቀላ ዘሩ ከውስጡ ይወጣል። ይህን የማይቆፈር ስር «እናት» ይሉታል። በዚያ ዓመት በመላው ደንቢ የተረፈችው እናት አንዲት ብቻ ሆነች፤ እሷም አዴ ብርቄ በሚባሉ ሴት ጓሮ፣ ከኮርቹ አጥር ሥር ነበረች። ሽማግሌዎች እንዳትነካ ተማማሉ። ስለ እሷም ማንም አፍ አውጥቶ እንዳይናገር ተስማሙ፤ ስሟ ከተጠራ ጃርትም ምቀኛም ይሰማል ብለው ፈርተው ነበር ይባላል።

በዚያው ዓመት የአዴ ብርቄ ልጅ ዲሳሳ፣ የሦስት ቀን መንገድ ከሚርቅ ቆላ ኩምኔ የምትባል ልጅ አገባ። በአገሯ የሚበላው ማሽላ ነበርና አንጮቴን በስም እንጂ በዓይን አታውቀውም። ስለ እናቲቱም የነገራት የለም፤ ሁሉም በመሐላው ዝም አለ።

ነሐሴ ላይ ዲሳሳ ቀፎ ሊሰቅል ከወጣበት ዛፍ ወድቆ እግሩ ተሰበረ። አዴ ብርቄ በዚያ ሰሞን ለወንድማቸው ለቅሶ ርቀው ሄደው ነበር። አንጮቴ የተሰበረ አጥንት ይጠግናል ይባላልና ዲሳሳ በትኩሳት ውስጥ ሆኖ «አንጮቴ ባገኘሁ፣ አንጮቴ ባገኘሁ» ይል ጀመር። ኩምኔ ዶማ ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች። አንጮቴ አጥር ላይ እንደሚወጣ ሰምታ ነበር፤ አጥሩ ላይ ያለው ሐረግ አንድ ብቻ ስለነበር ለመምረጥ አልተቸገረችም። ስሩን ስታገኘው እቅፍ የሚሞላ ሆነባትና፣ ባሏን የሚያድን ነገር ደጇ ላይ ተቀብሮ በመቆየቱ ደስ አላት ይላሉ።

ቀኑን ሙሉ ቀቀለችው። ያረጀ ስር እንጨት ነው፣ አልበስል አለ። በመጨረሻ ውሃውን አጠጣችው።

«መረረኝ» አለ ዲሳሳ። «የትኛውን ነው የቆፈርሽው?»

«ያለውን» አለችው።

ዲሳሳ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። በስምንተኛው ቀን እግሩ ጠቁሮ ሞተ።

ከቀብሩ በኋላ ሽማግሌዎች ለፍርድ በሚሰበሰቡበት ሾላ ሥር ተቀመጡ። ቃሉን ያወጡት ኦቦ ጉደታ ነበሩ። «ዘር ያጠፋች፣ ዘሩን በዚህ ሾላ ሥር እስክትመልስ እሳት አይሰጣት፣ ውሃ አይቀዳላት። ያናገራት ሰው ፍርዷን ይካፈል። የማንንም አጥር አትሻገር፤ ከተሻገረች ፍርዱ የዕድሜ ልክ ይሁንባት» አሉ። ኩምኔ ቆማ ሰማችና «ነግራችሁኝ ነበር?» ብላ ጠየቀች። የመለሰላት የለም። ፍርዱ ጀምሯልና ሊመልሱላት አይችሉም ነበር።

አዴ ብርቄ ከብቱን ይዘው ወደ ሌላው ልጃቸው ቤት ሄዱ። የታቀፈች ዶሮ ከቦታዋ አትነሳምና አንዲት ዶሮ ትተው ሄዱ። ኩምኔ ለምን ወደ ቆላ አልተመለሰችም ቢባል፣ የባሏ መቃብር ከቤቱ ጀርባ ስለነበር ነው የሚሉ አሉ፤ «ዘር ያጠፋች» የሚለው ስም ቀድሟት እንደሚደርስ ስላወቀች ነው የሚሉም አሉ። ብቻ ቀረች። ውሃ ከብት ከሚጠጣበት ከታችኛው ምንጭ ትቀዳለች፣ እሳቷን እንዳይጠፋ በአመድ ትቀብራለች። በመንገድ ያገኛት ሰው ጫማው ውስጥ ጠጠር እንደገባበት ሁሉ አጎንብሶ ያልፋል።

ከአጥሩ ማዶ ኦቦ ሰንበቶ የሚባሉ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው ሽማግሌ ነበሩ። ያላቸው ቦራ የሚባል አንድ በሬ ነው፤ የሚያርሱትም ከሰው በሬ ጋር እያቀናጁ ነው። መስከረም ላይ ኩምኔ ኮርቹን ቀና ብላ ስታይ፣ ካምና የቀረ አንድ የደረቀ የአንጮቴ ፍሬ በሰንበቶ በኩል ተንጠልጥሎ አየች። እጇ አይደርስም፤ ቢደርስም የሰው ወሰን ነው። ጠዋትና ማታ ቆማ ታየው ጀመር።

በሦስተኛው ቀን ኦቦ ሰንበቶ በሬያቸውን እየጎተቱ መጡ። «ቦራ፣ ያ የደረቀው ነገር ምንድነው?» አሉ። «እኔ አልተከልኩትም። ነፋስ ወደዚያ ማዶ ቢጥለው አልከስም።» ይህን ብለው ፍሬውን በዱላቸው ነካ አደረጉት፣ በኩምኔ በኩል ወደቀ።

ኩምኔ ወደ ዶሮዋ ዞረች። «ዶሮዬ፣ በዚህ አገር ነፋስም ዱላ ይይዛል እንዴ?»

ኦቦ ሰንበቶ ሳቃቸውን ከቦራ ጀርባ ደበቁ ይባላል።

ዘሩን በአመድ አሽታ ግድግዳው ላይ ለጥፋ አቆየችው። ግንቦት ላይ ዘራችው። ሦስት በቀሉ። አንዱን ጃርት ወሰደው፣ አንዱ በውሃ በሰበሰ፣ አንዱ ቀረ። ዙሪያውን እሾህ አጠረችና፣ ዓመቱ ደርሶ ስሩ ቢያብጥም፣ ብትራብም ሳትቆፍረው እናት እንዲሆን ተወችው። በሚቀጥለው ዓመት ያፈራውን ሰብስባ እንደገና ዘራች። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሰው አላናገራትም፤ በሬና ዶሮ ግን በአጥሩ ላይ ይነጋገሩ ነበር። ክረምት ላይ እሳቷ ጠፍቶ ጭስ ሲታጣ፣ ኦቦ ሰንበቶ ፍም ያለበት ገል አጥሩ ሥር አስቀምጠው «ቦራ፣ እርጅና ክፉ ነው፣ ይህን እዚህ ረስቼው ልሄድ ነው» አሉ። እሷም «ዶሮዬ፣ የቦራ ጌታ ከስተዋል፣ ምን ይበላሉ?» ብላ ትጠይቃለች። «ቦራ፣ እኔ የምበላው አንተ የምትበላውን ነው፣ ለእኔ ብቻ ጨው ይገባበታል» ይላሉ እሳቸው።

በሦስተኛው ዓመት መስቀል አለፈ። የዓመቱ አንጮቴ ደረሰ፤ ለሁሉም ቤት የሚበቃ ዘርም ግድግዳው ላይ ደርቆ ነበር። ሽማግሌዎች ቅዳሜ ሾላው ሥር ይቀመጣሉ፤ ኩምኔ ዘሩን በቅል አድርጋ ይዛ ልትቀርብ አሰበች። ሐሙስ ዕለት የመጀመሪያዎቹን ስሮች ቆፍራ ጣደች። ድስቱ ሲፈላ ቦራ ሲጮህ ሰማች። ከትናንት ጀምሮ አልተፈታም።

«ዶሮዬ፣ ቦራ ለምን አልተፈታም?» አለች። መልስ የለም። ድምጿን ከፍ አድርጋ ደገመችው። መልስ የለም።

አንድ ትኩስ ስር በኮባ ቅጠል ጠቅልላ አጥሩ ሥር ቆመች። ሁለት ቀን ቀርቷታል። ሁለት ቀን ብትታገሥ ሰው ትሆናለች፤ ከተሻገረች የሦስት ዓመት ድካሟ ሁሉ ለሌላው ይሆንና እሷ እስክትሞት እንደተለየች ትቀራለች። ስሩ በእጇ ውስጥ መቀዝቀዝ እስኪጀምር ቆማ ነበር ይላሉ። ከዚያ የኮርቹን ቅርንጫፍ ገፍታ ተሻገረች።

ኦቦ ሰንበቶ መደባቸው ላይ ተኝተው ነበር፣ ምድጃቸው ቀዝቅዟል። ስሩን ልጣ፣ ቆርሳ፣ አጎረሰቻቸው። ለረጅም ጊዜ አኘኩት።

«አጥሩን ማን ከፈተው?» አሉ።

«ነፋስ ነው።»

«ኩምኔ» አሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ ስሟን የጠራ ሰው አልነበረምና እጇ ቆመ፣ የሚከተለውንም ጠበቀች። «ጨው አነሰው» አሏት።

አርብ ጠዋት ሞቱ። ኩምኔ በራቸው ላይ ወጥታ እሪ አለች። ለቅሶ ነውና የማይመጣ የለም፤ ሰዉ ሁሉ በሟች ቤት ውስጥ አገኛት።

«ተሻግራለች» አሉ ኦቦ ጉደታ።

ያን ጊዜ አዴ ብርቄ ከሴቶቹ መካከል ተነሡ። «እኚህ ሰው ሁለት ቀን ሲተኙ ከእናንተ በራቸውን ያንኳኳ ማን ነው?» አሉ። «እኔም አላንኳኳሁም። የዚያን ጊዜም ሙሽራ አምጥቼ፣ ይህን አትንኪ ያላልኳት እኔ ነኝ። ዶማው የእሷ ነበር፣ ዝምታው የእኛ ነው።»

ኩምኔ ለቅዳሜ ያዘጋጀችውን የዘር ቅል ከቤቷ አምጥታ ኦቦ ጉደታ እግር ሥር አኖረችው። በመሐላ የወጣ ቃል በአፍ አይመለስም። ዶሮዋ ግን በተከፈተው አጥር ተከትላ ገብታ በሰዉ እግር መካከል ትጭር ነበር። ሽማግሌው ጎንበስ አሉ። «አንቺ ዶሮ፣ ዘሩን ተቀብለናል ብለሽ ለእመቤትሽ ንገሪያት» አሉ።

ዘሩ ለየቤቱ ተከፋፈለ። ከዚያ ወዲህ በደንቢ ሙሽራ በገባች በማግስቱ አማቷ እጇን ይዛ እናቲቱን ታሳያታለች። ኩምኔንም ሰው ያናግራት ጀመር፤ እሷ ግን ሰላም ሲሏት አስቀድማ ወደ ዶሮዋ ትመለከት ነበር፣ ይህም እስክትሞት አልተዋትም ይባላል። ሌላ ባል አላገባችም። በየዓመቱ የመጀመሪያው ስር በአጥሯ ላይ ይቀመጥላት ነበር፤ የሚያስቀምጠውም ሰው እንዳታፍር ዶሮዋን ያናግርላት ነበር።

በደንቢ ብቻቸውን የሚኖሩ ሰዎች አንዲት ዶሮ የማያጡት ለዚህ ነው። አሁን ብዙው አጥር ቆርቆሮ ሆኗል፣ አንጮቴ የሚተክለውም ሰው እያነሰ ነው። እኔም የምበላው ብቻዬን ነው፤ የእኔ ዶሮ እንቁላል መጣል ካቆመች ሁለት ዓመት አለፋት። ልጄ ከከተማ በመጣች ቁጥር «አባ፣ ምን ያደርግልሃል፣ እረዳትና ብላት» ትለኛለች። ዘንድሮ መስቀል ካለፈ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ አጥሬ ላይ እስካሁን የተረሳ ነገር አላገኘሁም። ዶሮዋን አሁንም ጠዋት ጠዋት አጥሩ አጠገብ አስራታለሁ።